ሸምበቆ፣ ቀርከሃ ወይስ የፒቪሲ ቱቦ? ዋሽንት ለሚመርጥ

ሱሉልታ ወደሚገኘው ቤቴ ዋሽንት ፍለጋ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ከምን የተሠራው ይሻላል?» ይላል። እኔም መልሼ «በየትኛው ቅኝት ሊጫወቱ ነው?» እለዋለሁ። ባለ አራት ቀዳዳ ዋሽንት ሁሉም ሲደፈን አንድ፣ ከታች ወደ ላይ እየተከፈተ ሲሄድ አራት፣ በጠቅላላው አምስት ድምፅ ይሰጣል። አምስት ድምፅ ደግሞ አንድ ቅኝት ነው። ነፊዎች ብዙ ዋሽንት ይዘው የሚዞሩት ለዚህ ነው።

ልዩነቱ በዓይን ይታያል። በትዝታ ቅኝት በተሠራ ዋሽንት ላይ የታችኛው ቀዳዳ ድምፅ ከመነሻው ድምፅ አንድ ሙሉ ድምፅ (ማለትም ሁለት ግማሽ ድምፅ፤ ግማሽ ድምፅ በኪቦርድ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው) ስለሚርቅ ጣት ያለ ችግር ያርፍበታል። በአምባሰል ቅኝት ግን የሚርቀው ግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ቀዳዳው ወደ ጫፉ ይወርዳል፤ ቀጣዩ ድምፅ ደግሞ ሁለት ሙሉ ድምፅ ዘሎ ስለሚመጣ ሁለቱ ቀዳዳዎች ይራራቃሉ። ጣተ አጭር ሰው ረጅም የአምባሰል ዋሽንት ከመግዛቱ በፊት እጁን ዘርግቶ ይሞክር።

ሸምበቆ ቀላል ነው፣ ግድግዳው ስስ ነው፣ በትንሽ ትንፋሽ ይናገራል። ፀሐይ ላይ ከረሳችሁት ግን ይሰነጠቃል። ቀርከሃ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም የደጋው መሆን አለበት፤ የቆላው ቀርከሃ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ድፍን ነው። የደጋውም ቢሆን ውስጡ ከአንጓ አንጓ እኩል ስለማይሰፋ እያንዳንዱ ዋሽንት ለብቻው በጆሮ ይቃኛል። ዋጋው ከፍ ቢል አትገረሙ።

የፒቪሲ ቱቦን ብዙዎች ይንቁታል። «ድምፁ ሕይወት የለውም» ይላሉ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሳዳምጥ ልዩነቱን የማገኘው ከቱቦው ይልቅ በሚነፋበት ጫፍ ስለት ላይ ነው። ቱቦው ዳር እስከ ዳር እኩል ስፋት ስላለው አንድ ጊዜ የተሳካ የቀዳዳ ልክ ደግሞ ይሠራል። ራሱ ሊሠራ ለሚነሳ ሰው ከዚህ የተሻለ መማሪያ የለም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሸምበቆን እንደምንበሳው በጋለ ብረት እንዳትበሱት። ፒቪሲ ሲቃጠል ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል፤ በመሰርሰሪያ ነው የሚበሳው።

የቱቦውን ልክ ግን ወደ ቀርከሃ አትገልብጡ። እኔ የአንቺ ሆዬ ቅኝት ልክ ገልብጬ ነበር። የቀርከሃው ግድግዳ ወፍራም ስለነበር ሦስተኛው ቀዳዳ ዝቅ ያለ ድምፅ አወጣ፤ አስተካክላለሁ ብዬ ሳሰፋው ደግሞ ከልኩ አለፈ። ያ ዋሽንት ዛሬም ቀዳዳው በሰም ጠብቦ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል።

ለጀማሪ፣ በትዝታ የተቃኘ የፒቪሲ ዋሽንት። ከማሲንቆና ከክራር ጋር ለሚጫወት፣ በጆሮ የተቃኘ ሸምበቆ፤ ክራሩ ወደ ዋሽንቱ ይቃኛል። ከኪቦርድ ጋር ለሚጫወት፣ በመቃኛ መሣሪያ የተለካ ቱቦ ወይም ቀርከሃ፤ የኪቦርድ ቁልፍ ለማንም አይጎነበስም።

ስትገዙ ውስጡን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩ፣ በጥፍራችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። ከዚያ ሁሉንም ደፍናችሁ በለስላሳው፣ ቀጥሎ በኃይል ንፉ፤ ሁለተኛው ድምፅ ያው የመጀመሪያው ድምፅ ቀጥኖ (እጥፍ ሆኖ) ካልገጠመ መልሱት። ይህን ሁሉ የምታደርጉት ግን ዋሽንቱን በትንፋሻችሁ ካሞቃችሁ በኋላ ይሁን። አየሩ በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ድምፁ የግማሽ ድምፅን ሢሶ ያህል ይወርዳል፤ የሱሉልታ ጠዋት ደግሞ ብርዱን ታውቁታላችሁ።