የፕላስቲኩ፣ የትኩሱ ወይስ የአለላው? ለጠባብ ቤት የምትሆን ትንሽ የአበባ ጉንጉን

ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ ገና ሳይቀመጥ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ይቺን ከየት አገኘሻት?» ይለኛል። መስታወቴ ጥግ ላይ የተንጠለጠለችውን ትንሽ የአበባ ጉንጉን ማለቱ ነው። የሻይ ሰሃን ብታክል ነው። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ ተከራይቼ ነው። አልጋውም፣ ሶፋውም፣ ምድጃውም አንድ ላይ ነው። ትልቅ ስዕል ብሰቅል ግድግዳው ይጨናነቃል፤ መሬት ላይ የሚቀመጥ አበባ ባመጣ መተላለፊያ አጣለሁ። ትንሿ ጉንጉን ግን ቦታ አትሻማም።

ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከማስረዳ እዚህ ልጻፈው። ሦስት ዓይነት ሞክሬያለሁ፦ የፕላስቲክ፣ የትኩስ አበባ፣ በአለላ (ቀለም በተነከረ የስፌት ሳር) የተሰፋ ክብ ላይ ደረቅ አበባ። እኔ የአለላው ወገን ነኝ። ለምን እንደሆነ ኪሴ ይናገራል።

መስከረም 2016 መርካቶ ወርጄ ሦስት የፕላስቲክ ጉንጉን ገዛሁ። አንዷ 350 ብር፣ በድምሩ 1,050። ቤት ሳመጣቸው በጣም ያምሩ ነበር። አንዷን መስኮት ላይ፣ አንዷን በር ላይ፣ አንዷን ከምድጃው ጎን ሰቀልኳቸው።

የመስኮቷ ሦስት ወር ሳይሞላት ፀሐይ ቀለሟን መጠጠው። አረንጓዴው ቅጠል ወደ ሰማያዊ ሄደ፣ ቀዩ አበባ ሐመር ሮዝ ሆነ። የበሯ አቧራ ያዘች። አቧራው ቅጠሎቹ ሥር ገብቶ በጨርቅ አልወጣ ሲለኝ በውሃ አጠብኳት። አረንጓዴ ቀለም እጄ ላይ ወረደ፤ አበቦቹን የያዘው ሙጫም ለቀቀ። 11 አበባ ከመታጠቢያው ውስጥ ለቀምኩ። መልሼ በሙጫ ለጠፍኳቸው፣ በሳምንቱ እንደገና ረገፉ።

የምድጃዋ ግን የባሰች ናት። ውስጧ ያለው ቀጭን ሽቦ በወጡ እንፋሎት ዝጎ ኖሮ፣ ሳወርዳት ግድግዳው ላይ ቡናማ ክብ ቀርቷል። ብፈገፍገው አይለቅ። አከራዬ ሳያዩት ብዬ ያንን ግድግዳ አስቀባሁ፤ ቀለምና ሠራተኛ ተደምሮ 1,800 ብር። ለ350 ብር ጌጥ! እስከ ግንቦት ድረስ ሦስቱም ቆሻሻ ገንዳ ገብተው አልቀዋል።

«ርካሹን ስለገዛሽ ነው» የሚል አይጠፋም። እኔም እንደዚያ ብዬ ቦሌ አካባቢ አንድ የስጦታ ሱቅ ገባሁ። 1,500 ብር አሉኝ። ገልብጬ ጀርባዋን ሳይ ያው ሽቦ፣ ያው የሙጫ ጠብታ፣ ያው አረንጓዴ ፕላስተር የተጠቀለለባት ናት። የጨመሩት ሪባንና ካርቶን ብቻ ነው። ትቼ ወጣሁ። በዚያ ላይ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ተሰቅሏል። ያቺ የ350 ብሯ ጉንጉን በኋላ ስጠይቅ 600 ገብታ ነበር። ጥራቷ ግን ያው ነው።

ትኩሱን በአጭሩ ልለፈው። አበባ ቤት በትናንሽ ጽጌረዳ አሠርቼ 500 ብር ከፈልኩ። ውበቷና ሽታዋ ወደር የለውም። በአምስተኛው ቀን ጠወለገች። በቀን 100 ብር ማለት ነው። ለልደት ወይም ለመልስ ቀን ይሁን፤ ለቤት ጌጥ ግን አትሞክሩት። «ሲደርቅም ያምራል» ብለው ቢነግሯችሁ፣ ቀይ ጽጌረዳ ሲደርቅ እንደሚጠቁር እወቁ።

አንድ ነገር ሳልረሳ። አገራችን ውስጥ የአበባ ጉንጉን ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቀብር ነው፣ ወይም የካቲት 12 ስድስት ኪሎ ሰማዕታት ሐውልት ሥር የሚቀመጠው። ትኩሷን ነጭና ወይን ጠጅ ቀላቅዬ በር ላይ ሰቅያት ሳለ አክስቴ መጣች። ደጃፉ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። «ምነው ልጄ፣ ምን ሰማችሁ?» አለችኝ ድምጿ ተቀይሮ። ያን ቀን በጣም አዘንኩ። ስለዚህ ነጭ በነጭ አታድርጉ፣ ሰፊ ሪባንም አታንጠልጥሉ። ቢጫና ቀይ ይግባበት፣ መጠኗም ከስንዝር አትብለጥ።

አሁን ወደ አለላው። ሐሳቡ የመጣልኝ ከእናቴ ነው። እናቴ የጎጃም ሰው ናት። በልጅነቷ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከጓደኞቿ ጋር እንግጫ የሚባለውን ሳር ነቅለው፣ ከአደይ አበባ ጋር ጎንጉነው፣ ጠዋት ቤቱ ምሰሶ ላይ ያስሩ ነበር። ጉንጉን ለቤታችን እንግዳ አይደለም ማለት ነው። ታዲያ ሰፌድ የሚሰፉ አንዲት እናት ጋ ሄጄ «ሰሃን የምታክል፣ መሐሏ ክፍት የሆነች» ብዬ አዘዝኩ። ሰኔ 2016 ሦስቱን በ1,200 ብር ሰፉልኝ፣ አንዷ በ400። በኋላ 550 ገብቷል።

ክቧ ባዶዋንም ጌጥ ናት። እኔ ግን ስታቲስ የሚባለውን አበባ እሰካባታለሁ። እዚሁ አገር ይበቅላል፣ ሲደርቅም ቀለሙን አይለቅም። አንድ እስር በ150 ብር ነበር የገዛሁት። ቁልቁል አንጠልጥላችሁ ፀሐይ የማይገባበት ደረቅ ቦታ ሁለት ሳምንት ብታቆዩት ይበቃዋል። አንዱ እስር ለሦስቱም ይደርሳል፤ በዓመት ሁለቴ እቀይረዋለሁ። በሁለት ዓመት ለአበባ 600 ብር፣ ከነክቦቹ 1,800 ብር መሆኑ ነው። ፕላስቲኩን በየስምንት ወሩ ብተካ ኖሮ በድሮው ዋጋ እንኳ 3,150 ብር ነበር። የግድግዳ ቀለሙን ሳልቆጥር።

ጥገናዋም ቀላል ነው። አንድ ቀን ወድቃ ጫፏ ላይ ስፌቱ ተተረተረ። በመርፌና በክር አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። አቧራዋን በደረቅ የቀለም ብሩሽ አራግፉላት እንጂ ውሃ አታስነኳት፣ አለላው ቀለም ይለቃል። ክረምት ላይ ደግሞ ግድግዳ ላይ ተጣብቃ ከከረመች ትሻግታለች። በየጊዜው አውርዳችሁ ነፋስ አስመቷት።

ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። አለላ ነው ተብሎ ከማዳበሪያ ከረጢት በተተረተረ ፕላስቲክ የተሰፋ ሞልቷል። ከሩቅ አይለይም። እኔም አንዴ 300 ብር ተበልቻለሁ። በጥፍራችሁ ጫን በሏት፤ እውነተኛው ሳር ጠጠር ይላል፣ ፕላስቲኩ ይለመጣል። ከተቻለ ደግሞ ከጫፏ አንዲት ዘለላ ለምናችሁ በክብሪት ለኩሷት። ሳሩ አመድ ይሆናል፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ይንጠባጠባል። ጀርባዋንም ገልብጡ። በወስፌ የተሰፋ ከኋላም ከፊትም ስፌቱ አንድ ነው።

ስለ አሰቃቀሉ፣ እንደኔ ተከራይ ከሆናችሁ ምስማር አያስፈልግም። ደብል ቴፕ ደግሞ ስታነሱት የግድግዳውን ቀለም ይዞ ይወጣል። እኔ ከመጋረጃው ብረት በቀጭን ናይለን ክር ነው የማንጠለጥላት። ክሩ አይታይም፣ ጉንጉኗም ግድግዳውን አትነካም።

ማዘዝ የምትፈልጉ እስከ ሐምሌ እዘዙ። ነሐሴ ከገባ ሰፊዎቹ የእንቁጣጣሽ መሶብና ሰፌድ ይበዛባቸዋል፣ ዋጋውም ይጨምራል። መስከረም 1 ቀን ስታቲሱን አውጡና አደይ አበባ ሰኩባት። ሁለት ሦስት ቀን ነው የሚቆየው፣ ግን ያቺ ጠባብ ክፍል ስትፈካ ታያላችሁ።