አዳማ ላይ «ፕሮሰሰርህ ተቃጥሏል» ከተባላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ወገን፣ ኮምፒውተር ለማሠራት የምትሄዱ ሁሉ ተጠንቀቁ። እዚህ አዳማ፣ አንድ የጥገና ሱቅ ውስጥ፣ የታናሽ ወንድሜ ዴስክቶፕ ደህና ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ ዋና አስሊ ቺፕ፣ ሲፒዩ የሚባለው) ወጥቶ በደካማ ተተክቶበታል። በዚያ ላይ 4,500 ብር አስከፍለውታል። ማሳመኛቸው ስክሪን ላይ ያሳዩት የሙቀት ቁጥር ነው። ቁጥሩ የፕሮሰሰሩ አልነበረም። የሱቁን ስም አልጽፍም፤ ዘዴውን ግን ሁሉም ሰው ይወቀው። አዳማ ሞቃት ነው፣ «ሙቀት ነው ያቃጠለው» ሲባል ማንም ቶሎ ያምናል።

ወንድሜ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው፣ በኮምፒውተሩ አውቶካድ ይሠራበታል። ዴስክቶፑ ከአዲስ አበባ ያገለገለ ተገዝቶ በአውቶቡስ ተጭኖ የመጣ ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5 4570 ነበር። ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲበዛበት ድርግም ብሎ ይጠፋል። ሱቅ ሲወስደው ሠራተኛው አንድ ፕሮግራም ከፈተና በቀይ የተጻፈ 127 ዲግሪ አሳየው። «ይኸው፣ ፕሮሰሰሩ ተቃጥሏል። ዝም ካልከው ማዘርቦርዱንም ይበላዋል» አለው። ልጁ ደነገጠ። ፈተና ደርሶበት ማን አይደነግጥም? «እንዲያውም የምንቀይርልህ ይፈጥናል፤ ያንተ 3.2 ነው፣ ይሄ 3.4 ጊጋኸርዝ ነው» አሉት። ሲጨርሱ ሌላ ፕሮግራም ከፍተው 28 ዲግሪ አሳዩት። ከፍሎ፣ አመስግኖ ወጣ።

ሁለቱም ቁጥሮች የፕሮሰሰሩን ሙቀት አይናገሩም።

መጀመሪያ 127ን እንየው። ማዘርቦርድ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ቦርድ) ላይ ቮልቴጅን፣ የፋን ፍጥነትንና ሙቀትን የምትከታተል ትንሽ ቺፕ አለች። ለብዙ ሴንሰሮች ቦታ አላት፣ የቦርዱ አምራች ግን ሁሉንም አይጠቀምባቸውም። ምንም ያልተገናኘበት ቦታ ሲነበብ የማይረባ ቁጥር ይወጣል። 127 በጣም የተለመደው ነው፤ አንዳንዴ ከዜሮ በታችም ይሆናል። ፕሮግራሙ ይህን «ኦክስቲን» ወይም «ቴምፒን» በሚል ስም ከሌሎቹ ጋር ይዘረዝረዋል። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ደግሞ ቀይ ይቀባዋል። አይ5 4570 ግን ጣሪያው 100 ዲግሪ ነው። ወደዚያ ሲጠጋ ራሱን ያዘገያል፣ አልፎ ከሄደ ኮምፒውተሩን ያጠፋዋል። 127 ዲግሪ ላይ ሆኖ ዊንዶውስ ከፍቶ፣ ፕሮግራም አስነስቶ፣ የራሱን ሙቀት የሚያሳይ ፕሮሰሰር የለም። የተቃጠለ ፕሮሰሰርማ ጭራሽ አይነሳም።

28 ደግሞ ሌላ ነው። ዊንዶውስ ከማዘርቦርዱ ባዮስ (ኮምፒውተሩን ከሚያስነሳው ፕሮግራም) የሚቀበለው «ተርማል ዞን» የሚባል ቁጥር አለ። በብዙ ዴስክቶፖች ላይ ይህ ቁጥር ከፕሮሰሰሩ ጋር አይገናኝም፣ ቀኑን ሙሉ 27.8 ብሎ ሊቆም ይችላል። ቀለል ያሉ የሙቀት ፕሮግራሞች ይህንኑ ያነቡና «የሲፒዩ ሙቀት» ብለው ያሳያሉ። ይህን ባታውቁም እንኳ አንድ ነገር አስቡ። ፋን የሚያቀዘቅዘው በክፍሉ አየር ነው። ከሰዓት በኋላ አዳማ ላይ የቤቱ አየር ራሱ 30 ዲግሪ ከሆነ፣ በዚያ አየር የሚቀዘቅዝ ፕሮሰሰር 28 ሊሆን አይችልም። ከክፍሉ በታች የሚያሳይ ቁጥር ካያችሁ አትመኑት።

ትክክለኛው ንባብ የሚገኘው ከፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ የሥራ ክፍል) የራሱ ሴንሰር አለው። የኢንቴሉ ሴንሰር በቀጥታ ሙቀቱን አይናገርም፤ ወደ ጣሪያው ስንት ዲግሪ እንደቀረው ነው የሚናገረው። ፕሮግራሙ ያንን ከጣሪያው ላይ ይቀንሳል። ጣሪያው 100 ሆኖ 35 ከቀረው 65 ብሎ ያሳያል። ስለዚህ ሴንሰሩ ይበልጥ የሚታመነው ሲሞቅ ነው። ሲቀዘቅዝ ትንሽ ይዛባል። ሥራ ፈትቶ 36 ነው ወይስ 40 በሚለው መከራከር ትርፍ የለውም።

ኮር ቴምፕ ወይም ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባሉትን ጫኑ፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትክፈቱ፣ አንዱ የሌላውን ንባብ ሊያውክ ይችላል። ከዝርዝሩ ውስጥ «ኮር 0»፣ «ኮር 1» እያለ የሚሄደውንና «ሲፒዩ ፓኬጅ» የሚለውን ብቻ ተመልከቱ። ከዚያ ፕሮሰሰሩን አሠሩት። ሰቨን ዚፕ ብዙዎቻችን ጋ አለ፤ «ቱልስ» ውስጥ «ቤንችማርክ» የሚለውን ስትጫኑ ሁሉንም ኮሮች ያስጨንቃል። እውነተኛው ቁጥር ወዲያው ዘለል ይላል። ስታቆሙት በሰከንዶች ውስጥ ይወርዳል። ሥራ ቢበዛም ባይበዛም ንቅንቅ የማይል ቁጥር የፕሮሰሰሩ አይደለም። ሱቅ ውስጥም ቢሆን «እስኪ አሠራውና ልየው» በሉ። ወንድሜን ያስደነገጠው 127 ቤት ስናሠራው 127 እንዳለ ነው የቀረው። 28ቱም እንዲሁ።

ቁጥሩ ሽቅብ የሚወጣበትን ፍጥነት ደግሞ በደንብ እዩ። በሰከንዶች ውስጥ 95 ከደረሰ የማቀዝቀዣው ብረት ፕሮሰሰሩ ላይ በደንብ አልተቀመጠም ማለት ነው። በደቂቃዎች ቀስ እያለ ከወጣ ደግሞ አቧራ ወይም የአየር መተላለፊያ ማጣት ነው። በእኔ አስተያየት ለእንዲህ ዓይነቱ ዴስክቶፕ በሥራ ላይ ከ60 እስከ 80 ምንም አያሳስብም። 90 ካለፈ ተከፍቶ ይታይ።

የእኛን ስንከፍተው ችግሩ ቁልጭ ብሎ ታየ። የኢንቴል የፋብሪካ ፋን ማዘርቦርዱ ላይ የሚቆመው በአራት የፕላስቲክ እግሮች ነው። አንዱ ከቀዳዳው ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ብረቱ በዚያ በኩል ከፍ ብሏል፣ ሥሩ ያለው፣ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ብረቱ የሚያስተላልፈው ፔስት ነጭ ዱቄት ሆኗል። የአውቶቡሱ መንገጫገጭ ያላቀቀው ይመስለኛል። የብረቱ ጥርሶች መሀል ደግሞ የአዳማ አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ተደርቧል። በዚህ ነፋስ መስኮት ከፍቶ የሚሠራ ሰው ኬዙን በየጊዜው ቢያጸዳ ይሻለዋል፤ በብሎወር ስትነፉ ግን ፋኑን በጣት ያዙት፣ እንዲሽከረከር አትተዉት። መፍትሔው አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጠርጎ ጥቂት አዲስ መቀባትና እግሮቹን በሰያፍ፣ «ጠቅ» እስኪሉ መጫን ነበር። ሙሉ ወጪው የፔስቱ ዋጋ ነው።

እና ሱቁ ብረቱን አውርዶ ሲመልስ እግሩን ቀዳዳው ውስጥ ሳያስገባው፣ ፔስቱንም ሳይቀይር ኮምፒውተሩ መጥፋቱን እንዴት አቆመ? እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት። የተከሉለት ኮር አይ3 4130 ነው። አይ5 4570 እስከ 84 ዋት የሚመደብ ሲሆን አይ3ው 54 ዋት ነው። ትንሽ ስለሚሞቅ በተንጠለጠለ ብረትም ይቆያል። ችግሩ እንዳለ ሆኖ የተሠራ ይመስላል። 3.4 ጊጋኸርዝ የሚለውም ቁጥሩ እውነት ነው፤ ግን አይ5ው አራት ኮር አለው፣ አይ3ው ሁለት። አይ3ው አንዱን ኮር እንደ ሁለት ስለሚያስቆጥር፣ የዊንዶውሱ ታስክ ማናጀር ውስጥ «ሎጂካል ፕሮሰሰርስ» የሚለው መስመር ለሁለቱም 4 ይላል፤ ስለዚህ የማያውቅ ሰው ልዩነቱን አያገኘውም። ከሱ በላይ ያለውን «ኮርስ» የሚለውን መስመር አንብቡ።

ስለዚህ ኮምፒውተር ለጥገና ስትሰጡ አስቀድማችሁ ታስክ ማናጀር ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ከፍታችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የፕሮሰሰሩ ስም ከነቁጥሩ እዚያ አለ። ዕቃ ይቀየር ከተባለ አሮጌው ይመለስልኝ በሉ። የተቃጠለ ዕቃ ለሱቁ ምን ይሠራለታል? ደረሰኝ ላይ «ጥገና» ብቻ ተጽፎ አትቀበሉ፤ የወጣውም የገባውም ዕቃ በስሙ ይጻፍ። ደረሰኝ መቀበል መብታችሁ ነው፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴውን ያስገድደዋል።

የኤኤምዲ (የሌላው አምራች) ፕሮሰሰር ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። እንደ ራይዘን 7 1700ኤክስና 1800ኤክስ ያሉት ሆን ተብሎ 20 ዲግሪ የተጨመረበት ቁጥር ያወጣሉ፤ 2700ኤክስ ላይ 10 ነው። የቆየ ፕሮግራም ይህን ሳይቀንስ ያሳያል። «ቲዳይ» የሚለው ንባብ ነው ትክክለኛው። ባዮስ ውስጥ የምታዩት ቁጥርም ዊንዶውስ ላይ ሥራ ፈትቶ ከሚታየው ከፍ ቢል አትደንግጡ፤ ባዮስ ላይ ፕሮሰሰሩ ኃይል ወደሚቆጥብበት እረፍት አይገባም።

ሱቁ ድረስ ሄጄ አይ5ውን ጠይቄያለሁ። «ተጥሏል» አሉኝ። የት እንደተጣለ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ቅሬታችንን ለንግድ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ልናስገባ ነው፣ ከበፊቱና ከአሁኑ የታስክ ማናጀር ፎቶ ጋር። እንደ እድል ሆኖ ወንድሜ ሲገዛው ያነሳው ፎቶ ስልኩ ላይ ነበር። እናንተም በ127 ዲግሪ ፕሮሰሰር ተቀይሮባችሁ ከሆነ ደረሰኛችሁን አትጣሉ። የፕሮሰሰሩን ኮሮች ቆጥራችሁ ጻፉልኝ፣ ቅሬታውን አብረን እናስገባ።