ምርቃናን በጨብሲ መስበር ወይስ መታገስ?

ሐዋሳ ውስጥ ከምሳ በኋላ ጫት ሲቅም የዋለ ወጣት ሲመሽ ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ ጨብሲ ነው፤ ምርቃናውን፣ ማለትም የጫቱን ሞቅታ፣ በቢራ ወይም በአረቄ መስበር። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እንደ አምፌታሚን ያለ አነቃቂ ስለሆነ የስካሩን ድካም ይሸፍናል፤ ጠጪው ያልሰከረ እየመሰለው ይደግማል። ጫቱ ግን ደሙ ውስጥ ያለውን አልኮል አይቀንሰውም። መጠጥ ጠልቶ የኖረ ልጅ እንኳ «እንቅልፍ እንዲወስደኝ» ብሎ ይጀምርና፣ ውሎ አድሮ ጫት በቃመ ቁጥር ብርጭቆ ያምረዋል። እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ሌላው ምርጫ ሳይጠጡ መታገስ ነው። ከባድ ነው፤ ሌሊቱ ይረዝማል፣ ድብርት ይመጣል። ውሃ መጠጣት፣ እራት መብላት፣ ሐይቁ ዳር ከጓደኛ ጋር መራመድ ያግዛል። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ያቆመ ደግሞ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ከቃመው ይልቅ እንቅልፍ ቶሎ ያገኘዋል።