ዲኦ-1፦ የሰውን ፒ53 የሚለየው አንቲቦዲ በሥራ ላይ ሲመዘን

ዕጢ እንዳይፈጠር የሚገቱ ፕሮቲኖችንና እነርሱን የሚቆጣጠሩ ሌሎች ፕሮቲኖችን ለሚያጠና ሰው፣ የሙከራውን ተአማኒነት ከትልልቆቹ መሣሪያዎች ይበልጥ የሚወስነው ብዙ ጊዜ በማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ናት። በእኔ ሥራ ይህች ብልቃጥ ዲኦ-1 የተባለውን፣ ዕጢን የሚገታውን የሰውን ፒ53 ፕሮቲን ለይቶ የሚይዘውን አንቲቦዲ (አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚጣበቅበት ሌላ ፕሮቲን) የያዘችው ናት። ለበርካታ ዓመታት በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በጄል ላይ በመጠናቸው ለይቶ የተፈለገውን በአንቲቦዲ እንደ ሰረዝ በሚያሳይ ሙከራ)፣ በሕብረ ሕዋስ ቅላሜ እንዲሁም ፕሮቲንን ከተጓዳኞቹ ጋር አጥምዶ በማውጣት ሙከራ ተጠቅሜበታለሁ። ዲኦ-1 በብዙ አቅራቢዎች የሚሸጥ በመሆኑ የምመዝነው የአንድን ድርጅት ዕቃ ሳይሆን አንቲቦዲውን ራሱን ነው። በአጭሩ ለመናገር፣ ፒ53 በሕዋሱ ውስጥ አለ ወይስ የለም ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ ሰጪ አላገኘሁም፤ ፒ53ን ማን ይቆጣጠረዋል ለሚለው ጥያቄ ግን ይኸው አንቲቦዲ ሊያሳስት ይችላል፤ ምክንያቱ ደግሞ ፕሮቲኑን የሚይዝበት ቦታ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ስለ ፒ53 ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ፒ53 ከ393 አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም የፕሮቲን መሥሪያ ጡቦች፣ የተሠራ፣ ዘረ መሉም በ17ኛው ክሮሞዞም አጭር ክንድ ላይ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በተለያዩ የምርምር ቡድኖች ሲገኝ ዕጢ ከሚያስከትል ቫይረስ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለታየ፣ ለአሥር ዓመታት ያህል ዕጢን የሚያሳድግ ፕሮቲን ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ ሥራው በተቃራኒው ዕጢን መግታት መሆኑ የተረጋገጠው በ1989 ነው። ዛሬ ከሰው ካንሰሮች ግማሽ በሚያህሉት ውስጥ ይህ ዘረ መል ተበላሽቶ እንደሚገኝ እናውቃለን። ጤናማ በሆነ ሕዋስ ውስጥ ግን ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ ኤምዲኤም2 የተባለ ሌላ ፕሮቲን ፒ53ን በፊተኛው ጫፉ ይይዘውና ዩቢኩዊቲን የተባለውን ምልክት ይለጥፍበታል፤ ምልክት የተለጠፈበት ፒ53 ደግሞ ፕሮቲያሶም በተባለው የሕዋሱ ማፍረሻ ውስጥ በደቂቃዎች ጊዜ ይበተናል። የሚያስደንቀው ነገር ኤምዲኤም2ን እንዲመረት የሚያዝዘው ራሱ ፒ53 መሆኑ ነው፤ ገዳዩን ራሱ ይጠራል ማለት ይቻላል። የዚህ ቁጥጥር ክብደት የታየው በ1995 ሲሆን፣ ኤምዲኤም2 የሌላቸው የአይጥ ሽሎች ገና በጽንስነታቸው ሲሞቱ፣ ፒ53ም አብሮ ሲወገድላቸው ግን ተወልደው አድገዋል። በዘርፉ ከማውቃቸው ማስረጃዎች ሁሉ እንደዚህ ጥርት ያለ አላየሁም።

እንግዲህ የፒ53 ተቆጣጣሪዎችን የሚያጠና ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይህን ተቆጣጣሪ ፕሮቲን ስጨምር ወይም ስቀንስ የፒ53 መጠን ምን ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ የተሠራው ዲኦ-1 ሳይንሳዊው ጽሑፉ በ1992 የታተመ፣ በቦሪቮይ ቮይቴሼክና ከ1979ኙ ግኝት ባለቤቶች አንዱ በሆነው በዴቪድ ሌን ሥራ የተገኘ፣ ከአይጥ የሚመነጭ ነጠላ ዝርያ አንቲቦዲ ነው። ነጠላ ዝርያ መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነው፤ የሚመረተው ከአንድ የሕዋስ ዘር ስለሆነ የዛሬ ዓመቱ ብልቃጥ ከዛሬው ጋር በመሠረቱ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ከጥንቸል ደም የሚወሰዱት ድብልቅ አንቲቦዲዎች ይህን ዋስትና አይሰጡም።

በዌስተርን ብሎት ላይ ያለኝ አስተያየት ያለ ማመንታት አዎንታዊ ነው። አንዱን እጅ አንቲቦዲ በሺህ እጅ መፍትሔ አቅጥኖ፣ ፕሮቲኖቹ ከጄሉ የተላለፉበትን ስስ ሜምብሬን በወተት ሸፍኖ፣ አንድ ሌሊት በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ማንቀሳቀስ ይበቃል፤ በማግሥቱ የሚታየው ንጹሕ፣ ነጠላ ሰረዝ ነው። ለአዲስ ተማሪ አስቀድሞ መናገር የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ሰረዙ 53 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) አካባቢ ይቆማል እንጂ የፕሮቲኑ እውነተኛ ክብደት 44 ኪሎዳልተን ገደማ ብቻ ነው። ፕሮሊን በተባለው አሚኖ አሲድ የበለጸገው ክፍሉ በጄል ውስጥ ጉዞውን ስለሚያዘገየው ነው ከክብደቱ በላይ ከባድ መስሎ የሚታየውና ስሙንም ያገኘው። የአንቲቦዲውን መራጭነት ለመፈተሽ ፒ53 ፈጽሞ የሌላቸውን ኤች1299 የተባሉትን የሳንባ ካንሰር ሕዋሳት ጎን ለጎን አስኬዳለሁ፤ በዚያ መስመር ላይ ምንም ነገር አይታይም። ኤ431 በተባሉት ሕዋሳት ውስጥ ደግሞ የተበላሸው ፒ53 ሳይፈርስ ስለሚከማች ሰረዙ እጅግ ይጠቁራል። ሂላ በተባሉት የማኅፀን በር ካንሰር ሕዋሳት ላይ ምልክቱ የደበዘዘ ቢሆን አንቲቦዲውን መውቀስ አይገባም፤ በእነርሱ ውስጥ የሚገኘው የፓፒሎማ ቫይረስ ኢ6 ፕሮቲን ፒ53ን ያለ ማቋረጥ ስለሚያስፈርሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ዲኦ-1 ፒ53ን የሚይዘው ከ20ኛው እስከ 25ኛው አሚኖ አሲድ ባለችው አጭር ክፍል ላይ ነው። ኤምዲኤም2ም ፒ53ን የሚጨብጠው በዚያው ቦታ ነው፤ በ1996 የታተመው የሁለቱ ፕሮቲኖች የክሪስታል ምስል እንዳሳየው፣ በ19ኛው፣ በ23ኛውና በ26ኛው ቦታ ያሉት ሦስት አሚኖ አሲዶች ኤምዲኤም2 ላይ ባለች ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ። ስለዚህ አንቲቦዲውና ኤምዲኤም2 አንድን እጀታ የሚሻሙ ተወዳዳሪዎች ናቸው። በዌስተርን ብሎት ላይ ፕሮቲኖቹ ሁሉ በሳሙናና በሙቀት ተፈትተው ስለሚለያዩ ይህ ሽሚያ ጉዳት የለውም። ፕሮቲኖቹ ተፈጥሯዊ ቅርጻቸውን እንደያዙ አጥምዶ ለማውጣት በሚደረግ ሙከራ ላይ ግን ዲኦ-1 በዋናነት የሚያነሳው ኤምዲኤም2 ያልያዘውን ፒ53 ነው። በዚህ አንቲቦዲ ፒ53ን አጥምዶ አውጥቶ፣ ኤምዲኤም2 አብሮት አልወጣም ብሎ፣ ሁለቱ ፕሮቲኖች አይገናኙም የሚል መደምደሚያ ላይ የሚደርስ ተመራማሪ መልሱን ሳያውቅ በመሣሪያው ምርጫ አስቀድሞ ወስኖታል።

ሁለተኛው ወጥመድ የበለጠ ስውር ነው፤ እኔም የወደቅሁት በዚህኛው ነው። ዲኤንኤ ሲጎዳ ቼክ2ን የመሳሰሉ ኢንዛይሞች በፒ53 20ኛ ቦታ ላይ ባለው ሴሪን በተባለው አሚኖ አሲድ ላይ ፎስፌት የተባለ ኬሚካዊ ምልክት ይለጥፋሉ። ይህ ምልክት ዲኦ-1 በሚይዝበት ቦታ ውስጥ ስለሚያርፍ አንቲቦዲው እንዳይጣበቅ ያግዳል፤ በዌስተርን ብሎት ላይም ቢሆን ችግሩ አይጠፋም፣ ፎስፌቱ በኬሚካዊ ትስስር የተያያዘ ስለሆነ ሳሙናና ሙቀት አያስለቅቁትም። በአንድ ወቅት አንዱን የሕዋሳት ስብስብ ዲኤንኤ በሚጎዳው ዶክሶሩቢሲን፣ ሌላውን ደግሞ የኤምዲኤም2ን ጎድጓዳ ቦታ በሚደፍነውና ዲኤንኤን በማይጎዳው ኑትሊን አክሜ የፒ53ን መጠን አነጻጽር ነበር። በዲኦ-1 ሲታይ የኑትሊኑ ሰረዝ በግልጽ ይበልጥ ስለነበር፣ ዶክሶሩቢሲን ፒ53ን የሚያከማቸው በአነስተኛ መጠን ነው ብዬ በማስታወሻዬ አሰፈርሁ። ያንኑ ናሙና ከ46ኛው እስከ 55ኛው አሚኖ አሲድ ላይ በሚይዘው ፒኤቢ1801 በተባለ ሌላ አንቲቦዲ ደግሜ ሳየው ልዩነቱ በእጅጉ ጠበበ። ሜምብሬኑን ፎስፌት በሚያነሳ ኢንዛይም ካጠብሁ በኋላ በዲኦ-1 ስመለከተውም የዶክሶሩቢሲኑ ሰረዝ ደመቀ። የጠፋው ፒ53 ሳይሆን ለዲኦ-1 የተሸፈነበት ፒ53 ነበር። ይህን ካየሁ ጊዜ ጀምሮ በዲኦ-1 ብቻ የተለካ የዲኤንኤ ጉዳት ሙከራ ሲቀርብልኝ፣ የሌላ አንቲቦዲ ውጤት ሳላይ ቁጥሩን አልቀበልም።

በእርግጥ በማንኛውም ጊዜ ፎስፌቱን የሚይዘው ከፒ53ው የተወሰነው ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ ዲኦ-1 የፒ53ን መጨመር ጨርሶ አይደብቅም፤ መጨመሩ ይታያል፣ ምን ያህል እንደጨመረ ግን አይታመንም። መፍትሔው አንቲቦዲውን መጣል ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። የኋለኛውን ጫፍ የሚይዘው ፒኤቢ421ም የራሱ ችግር አለበት፤ እዚያም የሚለጠፉ ምልክቶች ያንን አንቲቦዲ በተራቸው ያግዱታል። የተሻለው ሁለት ልዩ ልዩ ቦታዎችን የሚይዙ አንቲቦዲዎችን ጎን ለጎን ማስኬድ ነው፤ ተጨማሪው ወጪና ልፋት ደግሞ አንድ የተሳሳተ መደምደሚያ ከሚያስከትለው ብክነት ጋር አይነጻጸርም።

ፒ53ን አጥምዶ በማውጣት ሙከራ ላይ አንድ ሌላ ተግባራዊ እንከን አለ። ዲኦ-1 ከአይጥ የሚገኝ ስለሆነ፣ ሰረዙን ለማየት የሚጨመረው፣ የአይጥ አንቲቦዲን የሚይዘው ሁለተኛ አንቲቦዲ በማጥመጃነት የዋለውንም ያሳያል፤ የዚህ አንቲቦዲ ትልቁ ክፍል፣ ከባዱ ሰንሰለት፣ በጄሉ ላይ 50 ኪሎዳልተን አካባቢ ይወርዳል፤ ፒ53 ደግሞ እዚያው አጠገብ ነው። ሁለቱ ሰረዞች ተደራርበው አንዱን ከሌላው መለየት ያቅታል። ለማጥመድ ከጥንቸል ወይም ከበግ የተገኘ አንቲቦዲ ተጠቅሞ፣ ለማየት ደግሞ ሰረዙን የሚያሳይ ኢንዛይም በቀጥታ የተለጠፈበትን ዲኦ-1 መጠቀም ችግሩን ያስወግደዋል፤ በዚህ መልክ የሚሸጠውን ዲኦ-1 አጥብቄ እመክራለሁ።

በአይጥ ሕዋሳት ለሚሠራ ሰው ይህ አንቲቦዲ ከቶ አይጠቅምም፤ የአይጥን ፒ53 አይለይም። እንዲሁም ከ40ኛው ወይም ከ133ኛው አሚኖ አሲድ የሚጀምሩት አጫጭሮቹ የፒ53 ዓይነቶች የፊተኛው ጫፍ ስለሌላቸው ለዲኦ-1 የማይታዩ ናቸው፤ ሰረዝ አለመታየቱ ፒ53 የለም ለማለት እንደማይበቃ በዚህ በኩልም ማስታወስ ይገባል።

በፎርማሊን ተጠብቆ በሰም በታሸገ የሕብረ ሕዋስ ቁራጭ ላይ፣ ናሙናው አስቀድሞ በሙቀት ከታከመ፣ ዲኦ-1 ኒውክለሱን በጥሩ ሁኔታ ያቀልማል። ችግሩ ከአንቲቦዲው ይልቅ ከአነባበቡ ላይ ነው። ጥቁር ቡናማ ቀለም የጤና ምልክት የሚመስለው አንባቢ ይሳሳታል፤ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው የተበላሸና ሳይፈርስ የተከማቸ ፒ53ን ነው። ጤናማው ፒ53 እዚህም እዚያም በጥቂት ኒውክለሶች ላይ ፈዘዝ ብሎ ይታያል፤ በዕጢው ሕዋሳት ላይ ጨርሶ ምንም ቀለም አለመኖሩ ደግሞ፣ በአካባቢው ያሉት ጤናማ ሕዋሳት እስከቀለሙ ድረስ፣ ዘረ መሉ ፕሮቲን መሥራት እስከማይችል መበላሸቱን ሊያመለክት ይችላል።

ስለ አቅርቦቱም ጥቂት ልበል። አንድ አቅራቢ የላከልኝ ብልቃጥ ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር ምልክቱ እጅግ የደከመ ነበር፤ ከብልቃጡ ጋር የመጣው ወረቀት አንቲቦዲው በምን ያህል መጠን እንዳለበት እንኳ አይገልጽም። ቅሬታዬን ካቀረብሁ በኋላ ተተክቶልኛል፣ ነገር ግን ያ መዘግየት አንድ ሙሉ የሙከራ ዙር አበላሽቶብኛል። ስለዚህ ለገዢ የምመክረው፣ በሚሊሊትር ስንት ማይክሮግራም እንዳለው በግልጽ የሚጽፍ፣ የእያንዳንዱን የምርት ዙር የፍተሻ ምስል የሚያሳይና የትኛውን ሕዋስ ለማነጻጸሪያ እንደተጠቀመ የሚናገር አቅራቢ እንዲመርጥ ነው። ኢንዛይም የተለጠፈበትን ዓይነት የሚገዛ ደግሞ በማቆያው ውስጥ ሶዲየም አዛይድ አለመኖሩን ያረጋግጥ፤ ባክቴሪያን የሚከላከለው ይኸው ኬሚካል ብዙ ጊዜ በአንቲቦዲው ላይ የሚለጠፈውን፣ የፈረስ ሥር ፔሮክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም ሥራ ያስቆማል። ኢንዛይም ያልተለጠፈበት ዲኦ-1 በ4 ዲግሪ ለወራት ይቆያል፤ ደጋግሞ ማቀዝቀዝና ማቅለጥ ግን ያዳክመዋልና የሚቀዘቅዘውን ክፍል በትንንሽ ቱቦዎች ከፋፍሎ ማስቀመጥ ይበጃል። አዲስ ብልቃጥ ሲደርሰኝ አሮጌው ከማለቁ በፊት ሁለቱን በአንድ ዓይነት ናሙና ላይ፣ በኤች1299ና በኤ431 ሕዋሳት ታጅበው፣ በአንድ ቀን አስኬዳለሁ፤ የሁለቱ ሰረዞች ካልተመሳሰሉ አዲሱን ወደ ሥራ አላስገባም።