የፓኬቱ ድንብላል ዘር በጉልቷ ተበለጠ

ሌላው ሰው እንዳይሸወድ ብዬ ነው የምጽፈው። እዚሁ አዲስ አበባ ከአንድ የአትክልት ዕቃ ሱቅ የድንብላል ዘር ገዛሁ፣ ለቅጠሉ ነው የፈለኩት፣ ሻጩም ከውጪ የመጣ ነው ቶሎ አያብብም ብሎኝ 180 ብር ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ስቆጥረው 60 ፍሬ! አንዱ ፍሬ 3 ብር መሆኑ ነው። ፓኬቱን ገልበጥ ሳደርገው ደግሞ ጊዜው ካለፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፣ ልመልስ ስል "ዘር አይበላሽም" ይለኛል ደፋር።

እልህ ይዞኝ የሰፈራችን ጉልት ሄጄ አንድ ስኒ ድንብላል ገዛሁ። የተቆላ አይበቅልማ፣ "እማማ ጥሬ ነው አይደል?" ስላቸው "መች ቆልቼ ሸጬልሽ አውቃለሁ ልጄ" አሉኝ።

ሁለቱንም በአንድ ቀን ነው የዘራሁት። አንዷ ድቡልቡል ፍሬ ውስጧ ሁለት ዘር ስላለ በጠርሙስ ቀስ አድርጌ ዳምጬ ለሁለት ከፈልኳቸው (በዘነዘና እንዳትሞክሩት ዱቄት ነው የሚሆነው)፣ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳደርኩ፣ ከዛ የዘይት ጀሪካን ቆርጬ ቂጡን በስቼ አፈርና ፍግ ሞልቼ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀበርኩት። ሥሩ ቀጥ ብሎ ወደታች ስለሚሄድ መነቀል አይወድም፣ እዛው የሚያድግበት ላይ ነው መዝራት።

የጉልቷ በ9ኛው ቀን ብቅ አለ፣ መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ቅጠሎች ቀጫጭን ስለሆኑ እህቴ አረም ነው ብላ ልትነቅለው ነበር። የፓኬቱ በ16ኛው ቀን፣ እሱም 11 ችግኝ ብቻ።

ግን ሀቁን ልናገር፣ ሰውየው ቶሎ አያብብም ያለው ውሸት አልነበረም። የጉልቷ ለፍሬው የሚመረት ዘር ስለሆነ መሰለኝ ወር ተኩል ሳይሞላው ተመዘዘ፣ ቅጠሉ እንደ እንስላል ሳሳና ነጭ አበባ አወጣ። እነዛ 11ዱ ግን ሰፋፊ ቅጠል ይዘው ሌላ ሦስት ሳምንት አስቆረጡኝ። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ከስኒዋ ቆንጠር እያደረኩ ስለምዘራ እሱም አልቸገረኝም።

ፓኬቱ ከ5 2፣ ዘሩ ትኩስ ቢሆን 4 እሰጠው ነበር። እማዬ ቅጠሉን ሰላጣ ላይ ስጨምርላት "ሳህኑን በደንብ አላለቀለቅሽውም፣ ሳሙና ሳሙና ይላል" ብላ ገፋችው። ያበበው ላይ ያንጠለጠለውን እሸት ፍሬ ግን ራሷ ለቅማ ከቃሪያና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ወቅጣ ጨርሳልኛለች፣ ለዘር ያስቀረሁትን ጭምር።