የሲግናል አቅጣጫን ለመገመት፦ ሞኖፐልስ ወይስ ሙዚክ?

በአራት ማዕዘን የአንቴና ድርድር (አብረው በሚሠሩ አንቴናዎች ስብስብ) ላይ የሚሠራው ሞኖፐልስ የተባለ ስልት ድርድሩን በአራት ከፍሎ የሁሉንም ድምር፣ የግራና ቀኙን ልዩነት እንዲሁም የላይና ታቹን ልዩነት ያወጣል፤ እያንዳንዱ ልዩነት ለድምሩ ሲካፈል ሲግናሉ ከጨረሩ (ድርድሩ ካተኮረበት ጠባብ አቅጣጫ) መሃል በአግድምና በቁመት ምን ያህል እንደራቀ ስለሚያሳይ፣ ሦስት መቀበያና አንድ ምት (አንድ አጭር ሲግናል) ይበቁታል። ሙዚክ የተባለው ስልት ግን ከእያንዳንዱ አንቴና ብዙ ናሙናዎችን ሰብስቦ የኮቫሪያንስ ማትሪክስ (የአንቴናዎቹ ሲግናሎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚዛመዱ የሚያሳይ የቁጥር ሠንጠረዥ) ያሰላል፤ ሲግናሉን ከጫጫታው ከለየ በኋላም አቅጣጫዎችን አንድ በአንድ ይፈትሻል። ስሌቱ ከባድ ነው። ሆኖም ሁለት ምንጮች በአንድ ጨረር ውስጥ ሲገቡ ሞኖፐልስ ማንም የሌለበትን አቅጣጫ ሊጠቁም ይችላል (በእኔ ግምት ትልቁ ድክመቱ ይህ ነው)፤ ሙዚክ ግን ሲግናሎቹ በቂ ጥንካሬ ካላቸው ይለያቸዋል። አንድን ፈጣን ዒላማ ለመከታተል ሞኖፐልስን እመርጣለሁ፤ ነጸብራቅ በበዛበት ቦታ ሙዚክም ቢሆን ያለ ተጨማሪ ማስተካከያ አይታመንም።