ካቫሊየር ወይስ ቺዋዋ? ቡችላ ከመግዛትዎ በፊት

ሁለቱም ጠባብ ቤት ይበቃቸዋል፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓንየል ከ6 እስከ 8 ኪሎ ይመዝናል፤ ሰው ይወዳል፤ እንግዳም ቢመጣ ጅራቱን እየቆላ ይቀበላል። ስለዚህ ቤት ጠባቂ ለሚፈልግ አይሆንም። ልጆችና አረጋውያን ላሉበት ቤት ግን ከእርሱ የተሻለ ትንሽ ውሻ አላውቅም።

ቺዋዋ በዝርያው መስፈርት ክብደቱ ከ3 ኪሎ አይበልጥም። ብዙ ጊዜ አንድ ሰው መርጦ ከሥሩ አይጠፋም፤ ባዕድ ሲያይ ይጮኻል፤ ሲያስጨንቁትም ይነክሳል። ከሕፃን እጅ ቢወድቅ አጥንቱ ሊሰበር ስለሚችል ትንንሽ ልጆች ላሏቸው አልመክረውም።

በጠባይ ብቻ ቢሆን ካቫሊየርን ባስቀደምሁ ነበር። የሚያሳስበኝ ልቡ ነው። ሚትራል የሚባለው የልብ ቫልቭ በዕድሜ እየተበላሸ ደም ወደ ኋላ ያስመልሳል። 5 ዓመት ሲሞላቸው ግማሽ ያህሉ፣ በ10 ዓመታቸው ደግሞ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ሐኪም ሲያዳምጣቸው ያልተለመደ የልብ ድምፅ ይሰማባቸዋል። በዚህ ላይ የራስ ቅላቸው ለአንጎላቸው ስለሚጠብ በብዙዎቹ ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ፈሳሽ ይቋጠራል። እንዲህ ያለው ውሻ አንገቱን ሳይነካ አየሩን ይቧጭራል፤ ሲያነሡትም በሕመም ይጮኻል። የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ዝርያውን እርስ በርስ ማራባት የእንስሳት ደኅንነት ሕግን ይጥሳል ብሎ የወሰነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለሆነም ከቡችላው ፊት ይልቅ የወላጆቹን ወረቀት ይመልከቱ። እናትና አባቱ ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላቸው መራባት የለባቸውም፤ የአያቶቹም ልብ በ5 ዓመታቸው ጤነኛ እንደነበር የልብ ሐኪም ያረጋገጠበት ማስረጃ ሊኖር ይገባል። «ሐኪም አይቷቸዋል» የሚል ቃል ብቻ አይበቃም። ከገዙ በኋላ በየዓመቱ ልቡን ያስመርምሩ። ተኝቶ ሳለ በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ያማክሩ። ልቡ መስፋት ሲጀምር ፒሞቤንዳን የተባለው መድኃኒት የልብ ድካምን ያዘገያል።

የቺዋዋ ጣጣ ይቀላል። የጉልበታቸው ሎሚ ይንሸራተታል፤ ጥርሳቸው ተጨናንቆ ይበሰብሳል፤ ብርድ አይችሉም። የአየር ቧንቧቸው ደካማ ስለሆነ ማሰሪያው አንገት ላይ ሳይሆን ደረት ላይ ይሁን። ቡችላው ስኳሩ እንዳይወርድ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይመገብ። «ቲካፕ» እየተባለ በውድ የሚሸጠውን እጅግ ትንሹን ይተዉት፤ ሕመም ይበዛበታል።

ካቫሊየር ካልሆነ የሚል ሰው ማስረጃ ያለው ቡችላ ካጣ፣ 5 ዓመት ያለፈውና ልቡ ተመርምሮ ጤነኛ የሆነ አዋቂ ውሻ ቢወስድ ይሻለዋል።